ምሳርና ማኅተም

ከናዝሬት ተነሥቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ የተጓዘ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ አፋቸው በቅጠል የተወተፈ የከሰል ማዳበሪያዎች ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው አጠገባቸው አይታይም። ጥላ ሽቶ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ይሆናል፤ አለዚያም ራቅ ብሎ መቀመጡ ራሱ ጥንቃቄ ነው። መኪና ሲቆም ብቅ ይላል፤ ዋጋ ይነጋገራል፤ ማዳበሪያው ይጫናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ የባለመኪናው ነው። ኬላ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋልና፤ «ፈቃድ አለህ?»

ከዚያ መንገድ በስተደቡብ፣ ከአዋሽ ወዲያ ማዶ፣ አቦምሳ ይገኛል። የቀድሞው የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ፣ የዛሬው የመርቲ ወረዳ መቀመጫ ነው። ከተማው የቆመው በሁለት የዛፍ ዓለሞች መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁልቁል ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርዱ ግራር፤ ሽቅብ ወደ አርባ ጉጉ ተራሮች ሲወጡ ጥድ። የግራሩ ዕጣ ከሰል፣ የጥዱ ዕጣ ደግሞ የቤት ማገርና የሳንቃ እንጨት መሆን ነው። በሁለቱም ላይ ያችው ጥያቄ ትጠየቃለች።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያች ጥያቄ ናት። ለመሆኑ በዚህ አገር ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ መጠየቅ የተጀመረው መቼ ነው? ጠያቂው ማን ነበር? ተጠያቂውስ? ፈቃዱ ዛፉን አዳነው ወይስ አላዳነውም? የደን መመናመን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ምሳሩ ነው። እኔ ግን ስለ ማኅተሙም እንነጋገር ባይ ነኝ።

ጠፍ መሬት

ከዘመናዊው ሕግ በፊት ክልከላ አልነበረም ማለት አይቻልም። በደጋው አገር በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቀረው ጥድና ወይራ እስከ ዛሬ ምስክር ነው። የመናገሻ ሱባ ደን በዐሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በአርሲ ኦሮሞም ዘንድ ኦዳን የመሰለ ዛፍ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ምርቃት የሚወርድበት በመሆኑ ምሳር አይነካውም። እነዚህ ክልከላዎች ማኅተም የላቸውም። ያላቸው የጎረቤት ዓይን ነው። አጥፊው ከዛፉ ሥር ከሚሰበሰቡት ሰዎች ጋር አብሮ የሚኖር ስለሆነ ከቅጣቱ ይልቅ ትዝብቱ ይከብደዋል።

አርሲ ከዓመታት ውጊያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 ለምኒልክ ጦር እጁን ሲሰጥ መሬቱ ሌላ ዓይን መጣበት። የቀላዱ ዓይን ነው። መሬት በጋሻ ተለካ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ግድም መሆኑ ነው። የተለካው መሬት ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለቤተ ክርስቲያን ሲደለደል ነባሩ ባለአገር በገዛ አባቱ መሬት ላይ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ።

በቀላዱ ዓይን መሬት ሦስት ዓይነት ነው። ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በብዙዎቹ ጠቅላይ ግዛቶች ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ሲያስከፍል ይህንኑ አከፋፈል ተከትሎ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ቃሏን እንዲያስተውላት እለምናለሁ። ጠፍ ማለት ያልታረሰ ማለት ነው። ጥዱ ሰማይ ጠቀስ ቢሆን፣ ከሥሩ ምንጭ ቢፈልቅ፣ ንብ ቢሰፍርበት፣ ከብት ቢጠለልበት፣ ማረሻ ካልነካው በግብር መዝገቡ ላይ ጠፍ ነው። ጠፍን ለም ያደረገ ሰው ደግሞ አልሚ ተብሎ ይመሰገናል። ደን መመንጠር ነውር ሳይሆን የባለመሬትነት ማስረጃ የሆነበት ዘመን ነበር።

መንግሥት ስለ እንጨት አላሰበም እንዳይባል አሳስቦታል። ያሰበው ግን ስለ ዋና ከተማው ነው። አዲስ አበባ ገና በልጅነቷ ማገዶ አጥሯት አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር የታወቀ ነው። ከተማዋን ያስቀራት ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በሌላ በኩል ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የአዋሽ ሸለቆ ግራር ከከተማ ገበያ ጋር ተገናኘ። ደጋው በባሕር ዛፍ ሲተርፍ ቆላው በባቡር ተገለጠ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነገሩን ወደ አንድ ወሰን አደረሰው። በአንቀጽ 130 በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ፣ ደንና የግጦሽ መሬት ጭምር፣ የመንግሥት ሀብት ነው ተባለ። በማን ስም እንዳልተያዘ የሚታወቀው በመዝገብ ነው። የአርሲው ከብት አርቢ ለከብቱ ጥላ፣ ለቤቱ ማገር፣ ለበሽታው ሥራሥር የሚያገኝበት ደን በመዝገብ ላይ ስም ስለሌለው ባለቤት የለውም ተባለ ማለት ነው። ጠፍ የነበረው በአንድ የብዕር ጭረት የመንግሥት ሆነ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ሦስቱ አዋጆች

ፈቃድ የሚለው ቃል በደን ሕጋችን ውስጥ በወጉ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሦስት አዋጆች ተከታትለው በነጋሪት ጋዜጣ ወጡ። ቁጥር 225 ስለ መንግሥት ደን፣ ቁጥር 226 ስለ ግል ደን፣ ቁጥር 227 ስለ ጥበቃ ደን። የማስፈጸሚያ ደንቦቹም እ.ኤ.አ. በ1968 ተከተሉ። ባለሥልጣኑ የእርሻ ሚኒስቴር ነው። ከዚያ ወዲህ የራሱ ደን ያለው ሰው እንኳ እንዳሻው መቁረጥ አይችልም።

በወረቀት ላይ መልካም ሕግ ነው። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎችም ደን ምን እንደሆነ የሚያውቁ ባለሙያዎች መሆናቸው ከአቀራረቡ ይታያል። ችግሩ በሦስቱም ስም ውስጥ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። መንግሥት አለ፤ ባለርስት አለ፤ ጭሰኛው የለም። በአርሲ ደን ውስጥና ዙሪያ የሚኖረው አብዛኛው ሰው ግን ጭሰኛው ነው። የሚጠብቀውም፣ የሚቆርጠውም፣ ተቆርጦ የሚጎዳውም እሱ ነው። ሕጉ ያወቀው ሲቀጣው ብቻ ነው።

ሕጉ ሲወጣ ደግሞ ምድሩ ዝም ብሎ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአገሬው አጠራር ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ጭላሎ የአርባ ጉጉ ጎረቤት አውራጃ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ገባ፤ ምርት አደገ፤ የመሬት ዋጋ ወጣ። ዋጋው ሲወጣ ባለመሬቱ በትራክተር ራሱ ማረስ አማረው፤ ጭሰኛው ተነቀለ። ትራክተር ደግሞ ግንድና ጉቶ አይወድም። በበሬ የሚያርስ ገበሬ ማሳው መካከል የተዋትን ዋንዛ ወይም ግራር ዞሮ ያልፋታል፤ ትራክተር አያልፋትም። የተነቀለውም ጭሰኛ የሚሄድበት አገር ስለሚያስፈልገው ሽቅብ ወደ ጫካው ዳር፣ ቁልቁል ወደ ቆላው ሄደ።

ቆላው ግን ባዶ አልነበረም። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመተሐራ ስኳር እርሻ ተስፋፋ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ። ሸንኮራውም ፓርኩም ያረፉት የከረዩ አርብቶ አደሮች በበጋ ከብታቸውን በሚያወርዱበት መሬት ላይ ነው። አንዱ ለልማት፣ ሌላው ለጥበቃ ሲባል ተከለለ። ለከረዩው ግን ሁለቱም አጥር ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ምን ይጎዳል፣ ማን ይጎዳል ብሎ አስቀድሞ እንዲያጠና መንግሥትን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። በዓለምም ቢሆን ነገሩ ገና ጨቅላ ነው። አሜሪካ የመጀመሪያውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

ሲሾም ያልበላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ቁጥር 31 ተነገረ። ለአርሲ ጭሰኛ ይህ ምን ያህል ታላቅ ቀን እንደነበር ማንም አይስተውም። ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ተፈቀደ። ደኑ ግን ከባለርስቱ እጅ ወጥቶ ወደ ማን እንደገባ ለመንደሩ ሰው በግልጽ አልታየም። የሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ግን ሲቆርጥ ይታሰራል።

በዚህ መካከል አንድ የማይታለፍ ነገር ታየ። ሥልጣን በሚዛወርበት ወቅት ሁሉ ምሳር ይሰማል። ባለርስቱ «ነገ ይወሰድብኛል» ብሎ ይቆርጣል። ጭሰኛው «ነገ ሌላ ባለቤት ይመጣበታል» ብሎ ይቆርጣል። አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት ስለ ሹም ነው። ስለ ደን ግን ተገልብጦ ይሠራል፤ ሹሙ ሲሻር ያልቆረጠ ይቆጨዋል።

ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1957 የግል ደኖችን በሕግ ስትወርስ ዓላማዋ ደኑን ማዳን ነበር። የመንደሩ ሰው ግን ደኑ ከእጁ እንደወጣ ስለቆጠረው ለዘመናት የጠበቀውን ለመጠበቅ ምክንያት አጣ። መንግሥቷ ስሕተቱን አይቶ ደኑን ለመንደር ተጠቃሚ ቡድኖች ማስረከብ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1993ም በሕግ አጸናው።

ደርግ በበኩሉ ዛፍ ተክሏል። እ.ኤ.አ. በ1980 አዋጅ ቁጥር 192 ወጥቶ የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ተጠናከረ። ተራራ ተከለለ፤ ችግኝ ፈላ፤ ገበሬው በምግብ ለሥራ እየተከፈለው ጉድጓድ ቆፈረ። ደኖችም ተቆጥረው ቅድሚያ የሚሰጣቸው ተለዩ፤ ከነዚህም አንዱ የአርባ ጉጉ ደን ነው። ነገር ግን ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ችግኙ የማን እንደሆነ አልተነገረውም። በስንዴና በዘይት የተከፈለበት ችግኝ ደግሞ የከፋዩ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በብዙ የአገሪቱ ክፍል የማኅበር ተክልና የተከለለ ተራራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመታ። በዚያን ሰሞን አርባ ጉጉ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ስላየች ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ቢሆንም የሰውና የዛፍ ዕጣ የተገናኘበት ቦታ አለ። ሁለቱም የወደቁት ሕግ ከሩቅ ብቻ ሲታይ በነበረበት አገር፣ ያ ሩቅ ያለው በተሰወረ ጊዜ ነው።

ሁለት ቆራጮች

የሽግግሩ መንግሥት በመጋቢት 1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 94ን አወጣ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ፣ እነዚህ አራቱ ከተፈጥሮ የመንግሥትና የክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከለከሉ። በዚህ የሚከራከር የለም። ጥድ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። ግን የገበሬውን ሒሳብ እንመልከት። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ የኔ ነው ቢል የሚከራከረው የለም። ጥድ ቢተክል አይደርስለትም፤ ቢደርስም ለመቁረጥ «ከየት አመጣኸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት አለበት። ታዲያ ጥድ የሚተክል ገበሬ ቢጠፋ ይገርማል?

በ1987 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅና እንዲሰማ መብት ሰጠ። በኅዳር 1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ ታወጀ። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከባለሥልጣኑ ወይም ከክልሉ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር፤ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህ መፈጸሙን ሳያረጋግጥ ማኅተሙን እንዳያሳርፍ ተደነገገ። ጥናቱ ለሕዝብ እንዲቀርብና አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ ውሳኔውም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ተባለ። ከ1948ቱ አንቀጽ 130 ጋር ሲተያይ ትልቅ እርምጃ ነው። በመዝገብ ላይ ስም ያልነበረው ሰው አሁን «ምን ትላለህ?» ሊባል ነው።

አሁን ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው ልጁን ሊድር ለጎጆ ማቆሚያ ከመንግሥት ደን ጥድ የቆረጠ ገበሬ ነው። ሁለተኛው ያለ ተጽዕኖ ግምገማ ፈቃድ በአንድ ኮረብታ ላይ ሥራ የጀመረ ባለፕሮጀክት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 542፣ የመጀመሪያውን ከ1 ዓመት በማያንስ፣ ከ5 ዓመት በማይበልጥ እስራትና በ10,000 ብር ይቀጣው ነበር። ሁለተኛው በአዋጅ 299 መሠረት ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 521 እስራት ጨመረበት፤ ከ1 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። የገበሬው እስራት በሚጀምርበት ላይ የባለፕሮጀክቱ ያበቃል ማለት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ባለፕሮጀክቱም ያልተፈቀደለትን የመንግሥት ደን ከቆረጠ በደን ሕግ ይጠየቃል፤ ሕጉ ሰው አይለይም። ነገር ግን ባለፕሮጀክቱ መሬቱን የተረከበው ከመንግሥት ነው፤ በእጁ ካርታ አለ፤ ዛፉ የሚወድቀው «ቦታ ዝግጅት» በሚል ስም ነው። ገበሬው እንጨት ሲቆርጥ ጭፍጨፋ ይባላል፤ ኮረብታ ሲመነጠር ዝግጅት። ጠፍ የምትለው የድሮዋ ቃል ልብሷን ቀይራ የመጣች አይመስልም?

ግምገማውም ቢሆን ከወረቀት ወደ ምድር ሲወርድ ተሸርሽሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የግምገማ ሥልጣን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተላለፈ። እርሻውን የሚያስፋፋው የእርሻውን፣ ማዕድኑን የሚያስቆፍረው የማዕድኑን ጉዳት መዛኝ ሆነ። ለጅብ ሥጋ አደራ እንደ መስጠት ነው። ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ በአንቀጽ 92 ሐሳቡ እንዲሰማ የተፈቀደለት የመንደር ሽማግሌ የሚናገረው ግን ኦሮምኛ ነው። ፕሮጀክቱ ከተጀመረ በኋላ የሚቀርብ ጥናትም አይጠፋም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን።

ማኅተሙ ራሱ እረፍት አላገኘም። ባለሥልጣን የነበረው በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃና የደን ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ተጨመረበት፤ በ2011 ወደ ኮሚሽን ወረደ፤ በ2014 ለሁለት ተከፍሎ አካባቢው ወደ ባለሥልጣንነቱ ተመለሰ፤ ደኑም ለብቻው የኢትዮጵያ ደን ልማት ተባለ። በኦሮሚያም እ.ኤ.አ. በ2003 የክልሉ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 72፣ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ተቋቋመ። የሳንቃ ፈቃድ ፈላጊ የበሩን ስም ሳያጠና በሩ ይቀየርበታል።

ግራር ደን የሆነበት ቀን

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍኖ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ የሚለውን ያልሰማ የለም። በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በየስብሰባው ሰምተነዋል። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ ታሪክ ከማስረጃ ይልቅ በመደጋገም የቆመ መሆኑን አሳይቷል። ደን አልተመናመነም ማለቱ አይደለም። የአንዱ ቦታ ታሪክ ከሌላው ይለያል፤ አገሩን ሁሉ በአንድ ገበሬ ምሳር ማሳበብ አይቻልም ማለቱ ነው። ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። «ያጠፋው ገበሬው ነው» ተብሎ የተጀመረ ሕግ ገበሬውን ወደ ውጭ ገፍቶ ይጨርሳልና።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የደንን ትርጉም ለወጠች። ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅጠል ጥላ ያለው ሁሉ ደን ተባለ። ቀድሞ የሚጠየቀው ቁመት 5 ሜትር ነበር። በዚህ መለኪያ የአገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ ሆነ። አንዳንዱ በቁጥሩ ቀልዷል፤ በብዕር የበቀለ ደን ብሎ። እኔ ግን ለአቦምሳ ቆላ ቁም ነገር አለበት ባይ ነኝ። ቁጥቋጦ፣ እሾህ፣ ጠፍ ሲባል የኖረው ጥቅጥቅ ያለ ቆላማ እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ ደን ተብሎ ተጠራ። የከሰል ማዳበሪያው ያ ዛፍ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

የዶዶላው ውል

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ፈቃድ ይቅር የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ከአርሲ ተራሮች ማዶ፣ አዳባና ዶዶላ ላይ የተሞከረው ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል።

በዚያ አካባቢ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2000 የመጀመሪያዎቹ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በኦሮምኛ ስማቸው አጠር ሲል ዋጂብ ይባላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ ደኑን ሳይጎዳ ለመኖር 12 ሄክታር ግድም ያስፈልገዋል፤ ማኅበሩ ከ30 አባወራ አይበልጥም፤ ስለዚህ አንድ ማኅበር እስከ 360 ሄክታር ይረከባል። ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል። ደኑን የመጠቀምም የመጠበቅም ኃላፊነት የሱ ነው። ሌላ ሰው ሊቆርጥ ሲመጣ «ፈቃድ አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ቢሮ አይደለም፤ ከደኑ ዳር ቤት ያለው ጎረቤት ነው። የድሮው የኦዳ ዓይን ከአዲሱ ማኅተም ጋር ተገናኘ።

ያለ እንከን ነው አልልም። 30 አባወራ ሲመዘገብ ሠላሳ አንደኛው ይቀራል፤ ያ የቀረ ሰው ድሮ ከብቱን በዚያ ሲያስገባ የነበረ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጅማ አካባቢ በበለጠ ጌራ ደን ስለተሞከረው ተመሳሳይ አሠራር ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ በማኅበር የተያዘው ደን 1.5 በመቶ ሲጨምር ያልተያዘው 3.3 በመቶ እንደቀነሰ ይናገራል። ሕጉም ቀስ በቀስ ወደዚህ መጥቷል። በጥር 2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን በስማቸው ጠርቷል። በ1957ቱ ሦስት አዋጆች ውስጥ ያልነበረው ሰው ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በስሙ ተጠራ።

የታሪኩ ፍሬ ይህ ይመስለኛል። ማኅተም ከዛፉ በራቀ ቁጥር ምሳር ይቀርባል። ፈቃድ ሰጪው ዛፉ ቢወድቅ ምንጩ የማይደርቅበት፣ ጎርፉ ማሳውን የማይወስድበት ሰው ከሆነ ፈቃዱ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀት ደግሞ በዘመኑ ሥልጣን ልክ ይጸናል፣ በዘመኑ ሥልጣን ልክ ይቀደዳል። በየሥልጣን ለውጡ የተሰማው የምሳር ድምፅ የገበሬ ክፋት አልነበረም። የኔ ያልተባለ ነገር የሚጠፋበት ድምፅ ነው።

አቦምሳ ዛሬም በሁለቱ የዛፍ ዓለሞች መካከል ናት። ከቆላው ከሰል ይወጣል፤ ከደጋው እንጨት ይወርዳል። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ ከተማ ነው። የቡና ረከቦታችን ሥር የሚቀላው ፍም፣ በበዓል ዋዜማ ዶሮ ወጣችንን የሚያበስለው እሳት ከዚያ አገር ግራር መጥቶ ይሆናል። ከሳዩ ይጠየቃል፤ ጫኙ ይጠየቃል፤ ሾፌሩ ኬላ ላይ ይጠየቃል። እኛን ግን እስከ ዛሬ «ፈቃድ አላችሁ?» ያለን የለም።